አምስት ጦርነትና የአያልነሽ መዝጊያ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቀድሞም ወጣ። ገብሱ ከጉልበት በታች ቀረ። ሽንብራው አበበና ሳያፈራ ደረቀ። በሦስተኛው ወር የቤታችንን ክዳን ሣር አውርደን ለላሞች ሰጠን። በአራተኛው ወር ላሞቹ አለቁ፤ ክዳኑም አልተመለሰም። ከከተማችን አርባ ሦስት ሰው ቀበርን። አባቴ ሠላሳ ስምንተኛው ነበር። የጎረቤታችን የአያልነሽ አባት አርባ አንደኛው። ከአርባ ሦስተኛው በኋላ የሞተው ሰው በረሃብ አልሞተም፤ ስለዚህ የረሃቡን ነገር እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ሰብል ቢኖርበት የፈረስ እግር ይይዝ ነበር። ሁለቱም የጦር አለቆች ሰላይ ልከው አስቃኙት፤ ሁለቱም ወደዱት። ሁለቱ ቤቶች ሠላሳ አንድ ዓመት ሲዋጉ የተስማሙበት ነገር ይህ ሜዳ ብቻ ነው።

ስለ ሁለቱ ቤቶች የማውቀው ይህን ያህል ነው። አንድ የድሮ ንጉሥ ሰባት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሰባቱም ጤነኞች ነበሩ፤ ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ዘሮች በደረታቸው ላይ የኑግ አበባ ይሰካሉ። የሦስተኛው ልጅ ዘሮች የሱፍ አበባ ይሰካሉ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ከሩቅ አይለዩም፤ ሲደርቁ ደግሞ ከቅርብም ያስቸግራሉ። እኛ ሁለቱንም አድርቀን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ነበር። ጦር ሲመጣ እጃችን የደረሰበትን አንሥተን እንሰካለን። ማንም ተሳስታችኋል ብሎን አያውቅም።

እኔ አናጢ ነኝ። ስሜ ላቀው ይባላል። የምሠራው መዝጊያ ነው። ስለዚህ ስለ መዝጊያ ሁለት ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ አንዱ ሕግ ነው፤ ሌላው ልማድ ነው።

ሕጉ የጌቶች ነው። ተራ ሰው በጦር ሜዳ ሲወድቅ በሰው እጅ ይነሣል፤ ወይም አይነሣም። ጌታ ሲወድቅ ግን በመዝጊያ ላይ ተኝቶ ይነሣል። ቃሬዛ ለጌታ አይሆንም ይላሉ፤ ይረግባል። ስለዚህ ከጦርነት በፊት ጦሩ ከከተማው መዝጊያዎች ይወስዳል። ጌታው ከዳነ መዝጊያው ከሱ ጋር ወደ አገሩ ይሄዳል። ጌታው ከሞተ አብሮት ይቀበራል። ወደ ባለቤቱ የተመለሰ መዝጊያ እኔ አላየሁም።

ልማዱ የኛ ነው። በኛ ከተማ ሴት የምትጠየቀው በተዘጋ በር ነው። የሚጠይቃት ወንድ ብቻውን ይመጣል፤ ቆቡን ያወልቃል፤ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። እሷ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች፤ ብታውቀውም። ስሙን ይነግራታል። ከዚያ ታስቆመዋለች። ከከፈተችለት አለቀ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልከፈተችለት ይሄዳል፤ ነገሩንም ማንም አያነሣበትም። በሩ የራሷ መሆን አለበት። በሴት አያቴ ዘመን አንዲት ሴት በተዋሰችው በር ተጠየቀች፤ የበሩ ባለቤት ባልየው የኔ ነው ብላ ከሰሰች፤ ዳኛው ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ረሃቡ ከመግባቱ በፊት፣ አዝመራ ሲገባ በአያልነሽ በር ላይ ሊያንኳኳ ያሰበ አንድ ሰው ነበር። አዝመራው አልገባም።

አያልነሽ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በመንገዳችን ላይ ከወንድም ከሴትም በቁመት የሚደርስባት አልነበረም፤ አራት ክንድ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። አባቷ ረጅም ስለ ነበረ በሩን በራሱ ልክ፣ አራት ክንድ ከስንዝር አድርጎ ነው የሠራው። የዝግባ መዝጊያ ነበር። የሠራው ሰው አናጢ አልነበረም፤ ሥራው ግን እንከን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ጦርነት ለሜዳው ታስቦ መንገዳችን ላይ ተደረገ። የኑግ ቤት ሰዎች ቀድመው ከተማ ገቡ፤ የሱፍ ቤት ሰዎች በየጓሮው አጥር እያፈረሱ መጡባቸው። ወታደሮች ከየቤቱ መዝጊያ ነቅለው ሄዱ። የአያልነሽ ቤት ሲደርሱ በሩ መሐል ቆማ አገኟት።

«ዞር በይ» አሏት።

«እናንተ ዞር በሉ። የቆማችሁት እኔ ደጅ ላይ ነው።»

ወታደሮቹ ቀና ብለው አዩዋት። ጎረቤቱ ጋ ቀላል መዝጊያ ነበር፤ ወደዚያ ሄዱ።

ታናሽ ወንድሜ ይርዳው ያን ጊዜ ከቤት ወጣ። በከተማው ከረሃብ የተረፈች አንዲት ዶሮ ነበረችን፤ በጦርነቱ መሐል እየሄደች ነበር። ሊይዛት ወጣ። ቀስት ጭኑ ላይ ገባ። ደርሼ ሳነሣው ቀና ብሎ «ዶሮዋን ያዝካት?» አለኝ። አልያዝኳትም ነበር። ተሳደበ።

ወጌሻው ከወንዙ ማዶ ነበር። ይርዳውን ልሸከመው ስሞክር ደሙ ፈጠነ። አስተኝቼ የምወስድበት ነገር አጣሁ። የኛ መዝጊያ ሄዷል። የሁሉም ሄዷል። አያልነሽ ይህን አየች። ወደ በሯ ዞረች፤ መዝጊያውን ከሥሩ አነሣችና ከመቃኑ አወጣችው። ብቻዋን ነው ያወጣችው። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ላቀው፣ አፍህን ከፍተህ አትቁም፤ ያንን ጫፍ ያዝ» አለችኝ።

ያዝኩ። ወንዙን ተሻገርን። ማዶ ላይ የኑግ ቤት ሰዎች አገኙን። የሚያነሡት ጌታ ነበራቸው።

«የተኛው ሰው ጌታ ነው?» አሉ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

«ጌታ ካልሆነ ይውረድ።»

በእርጋታ ነው ያወረዱት፤ ይህን መመስከር አለብኝ። አንዱማ ከራሱ በታች ሣር አደረገለት። ጌታቸውን በመዝጊያው ላይ አስተኙት፤ ልኩ ሆነ። ማምሻውን ሞተና በላዩ ላይ ተቀበረ። ይርዳውን በጀርባዬ ወስጄ ለወጌሻው ሰጠሁት። ዳነ፤ እግሩ ግን አጠረ። በኋላ የዶሮዋ ጦርነት ያልነው ይህን ነው። ዶሮዋ አልተገኘችም።

በማግስቱ ወደ አያልነሽ ሄድኩ። በበሯ ላይ የበሬ ቆዳ ሰቅላ ነበር።

«መዝጊያሽ ተቀበረ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ወንድምህስ?»

«ይድናል ተብሏል።»

«ጥሩ። እንግዲህ አንድ መዝጊያ አለብህ።»

«አለብኝ።»

«በልኩ።»

«በልኩ» አልኩ።

«እኔ ጎንበስ ብዬ ወደ ቤቴ አልገባም፣ ላቀው።»

በመዝጊያው ላይ ማን እንደሚያንኳኳ ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንሥተነው አናውቅም። ሁለታችንም ሰምተነዋል።

እንጨት ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በአካባቢው ያለው ዛፍ ሁሉ ለጦር ዘንግ ተቆርጧል። እኔና ይርዳው ከሁለተኛው ተራራ ማዶ አንድ ዋንዛ አገኘን፤ በአህያ እየጎተትን በአሥራ አንድ ቀን አመጣነው። ይርዳው በየዳገቱ ይለፈልፋል።

«ይህ ሁሉ ለኔ ጭን ነው?»

«ላንተ ጭን ነው።»

«ጭኔ እንዲህ ውድ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ለዶሮ አላወጣውም ነበር።» ትንሽ ሄደና ደግሞ፣ «ለኔ ጭን ብቻ ከሆነ ግን ለምን ሌሊት በሕልምህ ትለካለህ?» አለኝ።

አህያውን ነዳሁ።

መዝጊያው አልቆ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሳለ ሁለቱ ቤቶች ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። ከነሱ በፊት የቁመት ሹሙ መጣ። ይህ ሰው ዘውገ ይባላል። ሥራው የጌቶችን ቁመት ማወቅ ነው። የያንዳንዱ ጌታ ቁመት በቢላ የተቀረጸበት ዘንግ ይዞ ይዞራል፤ ዘንጉን በመዝጊያው ላይ ያቆማል፤ መዝጊያው የሚወስደው ጌታ ካለ ኖራ ያደርግበታል። ጠዋት የኑግ አበባ ሰክቶ ለኑግ ቤት ይለካል፤ ከምሳ በኋላ የሱፍ አበባ ሰክቶ ለሱፍ ቤት ይለካል። ሥራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና ሁለቱም ቤቶች ቀጥረውታል። ራሱ አጭር ሰው ነው። ለላይኛው ምልክት በርጩማ ላይ ይወጣል።

ዘንጉን በዋንዛው ላይ አቆመና ምላሱን በአድናቆት አጮኸ።

«ላቀው፣ እጅህ ይባረክ። ይህማ ለሱፍ ቤት ታላቅ አጎት የተሰፋ ይመስላል።»

«ለጎረቤቴ ነው።»

«የት አለች?»

አያልነሽ ከአጥሯ በላይ ታየች። ዘውገ አያት። ከልማድ የተነሣ በዓይኑ ለካት፤ ከዚያ ወደ ዘንጉ ተመለሰ።

«አዝናለሁ» አለ። «እሷ ጌታ ብትሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር የሷ ነበር።»

«ሰውየው ሊሞት ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ከሞተ ግን እግሩ አይንጠለጠልም።»

ይህ ጦርነት የበረዶው ይባላል። ከጠዋት ጀምሮ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ ዘነበ፤ ነፋሱ በሱፍ ቤት ሰዎች ፊት ላይ ነበር። ቀስታቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይወድቃል። የኑግ ቤት ሰዎች የራሳቸውን ቀስት ከጨረሱ በኋላ ወደ ፊት ሄደው የሱፍን ቀስት ከመሬት ለቀሙና መልሰው ወረወሩት። የሱፍ ሰዎች በራሳቸው ቀስት አለቁ። ይርዳው ከጣራ ላይ ሆኖ ሲያይ «ቆጣቢዎች ናቸው» አለ። ከዚያ ወረደ፤ በማግስቱ ከሌሎቻችን ጋር መቃብር ሲቆፍርም አልቀለደም። ታላቁ አጎት በመዝጊያዬ ላይ ተቀበረ። እግሩ አልተንጠለጠለም።

ከዚህ በኋላ ከተማው ተሰብስቦ መከረ። ሕጉ ከጌታ ቁመት ያነሰ መዝጊያ አይወሰድም ይላል። ስለዚህ በሮቻችንን ለማሳጠር ወሰንን። እኔ ሥራ በዛልኝ። በየቤቱ ጉበኑን አወረድኩ፤ ከላይ ያለውን ክፍት በድንጋይና በጭቃ ሞላሁ፤ መዝጊያውን እስከ ደረት አሳጠርኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በከተማው ቀና ብሎ የሚገባበት ቤት አልቀረም። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ግንባሩን ይላጥ ነበር። ከዚያ ተለመደ። ከዚያ ሜዳ ላይም ጎንበስ ማለት ጀመርን። መንገደኞች ይህን አይተው፣ እንደዚህ ከተማ ሰው ትሑት የለም ብለው በየአገሩ አወሩልን። አንድ መምህር ልጆቹን ትሕትና ሊያስተምር ይዟቸው መጣ። እኛም አስተናገድናቸው።

የአያልነሽ በር ብቻ እንደ ነበረ ቀረ፤ በቆዳ። ፍየል ነበረቻት። ፍየሏ ቆዳውን ከሥር ትበላዋለች፤ በየወሩ በአንድ ጣት ያጥራል። ከጉልበት በላይ ሲደርስ ሌላ ቆዳ ትሰቅላለች። ፍየሏም በግልገሏ ትተካለች፤ ግልገሏም ትማራለች።

ባለ ወፍጮው ሊያገባት ፈለገ። ደህና ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። አጭር መዝጊያ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቷ መጣና ተክዬልሽ ነገ ላንኳኳ አላት። እኔ አጥር እያበጀሁ ነበር።

«የሰው መዝጊያ አላስገባም» አለችው።

«እሰጥሻለሁ እኮ። ያንቺ ይሆናል።»

«በልኬ አይደለም።»

«ሁላችን ጎንበስ እያልን አይደል የምንኖረው? አንቺ ምን ስለሆንሽ ነው?»

«እኔማ ምንም አልሆንኩ። የሚመጣልኝ መዝጊያ ስላለ ነው።»

ባለ ወፍጮው ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔ አጥሬን አየሁ። አህያውን ይዞ ተመለሰ፤ በዓመቱ ሌላ አገባ። ለሠርጉ የሙሽሮቹን በርጩማ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛውን መዝጊያ በተንኮል ሠራሁት። ሁለት አጫጭር አደረግሁት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መሐል ላይ የሚጋጠም። ለየብቻ ሲታዩ ለጌታ አይሆኑም። አንዱን እቤቴ፣ አንዱን ወንድሜ ዘንድ አስቀመጥኩ። ዘውገ ጠዋት የኔን ለክቶ ተወው። ከምሳ በኋላ የይርዳውን ለክቶ ተወው። ከዚያ መንገድ መሐል ቆሞ አሰበ። ይርዳው ዘንድ ተመልሶ ሁለተኛውን አስመጣ፤ አንዱን በአንዱ ላይ አቆመ። ገጠመ።

«ይህን የሠራ ሰው ይበልጥ መከበር አለበት» አለ ኖራውን እያደረገ። «ባላውቅህ ኖሮ ያልፈኝ ነበር።»

«እንዴት አወቅህ?»

«የሴትዮዋን ቁመት አልረሳሁም፣ ላቀው። ሁለቱን ደመርኳቸው።»

ይህ ጦርነት የጉሙ ነው። ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ሜዳውን ሸፈነው። የሱፍ ቤት ግራ ክንፍ የኑግን ቀኝ ክንፍ አባረረና እስከ ከተማችን ድረስ ተከተለው። ከተማ ሲደርሱ ጠላ ቤት አገኙ። ጠጡ። ከጠጡ በኋላ ጦርነቱ ትዝ ብሏቸው ወደ ሜዳው ተመለሱ። በሌላ በኩል ስለ ገቡ የራሳቸው ሰዎች በጉም ውስጥ ጠበቋቸው።

«ማን ናችሁ?» የሚል ጩኸት ሰማን።

«የሱፍ ቤት!»

«አበባችሁን አሳዩ!»

አሳዩ። ቢጫ ነበር።

«ኑግ ነው!» አሉና ወረወሩባቸው። የተወረወረባቸውም «ከዱን!» ብለው ወረወሩ። የኑግ ቤት ሰዎች ከኮረብታው ሥር ተቀምጠው ድምፁን አዳመጡ። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተነሣ። በሜዳው ላይ የቆሙት ሰዎች የሚወጓቸውን ሰዎች ፊት አዩ፤ ብዙዎቹ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያልነሽ የመጀመሪያውን እንስራ ውሃ ይዛ ወረደች፤ ከዚያ ሁላችንም ወረድን። አበባ ሳንለይ አጠጣናቸው። ሊለይ የሚችልም አልነበረም።

ሁለቱ ግማሽ መዝጊያዎች ለሁለት አጫጭር ጌቶች፣ ለአክስት ልጆች፣ ተከፈሉ፤ የሁለቱም እግር ተንጠለጠለ።

እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አላገባሁም። ሥራ ነበረብኝ።

አራተኛውን መዝጊያ ከሠራሁ በኋላ አልደበቅሁትም። የተደበቀ ነገር ይፈለጋል። በከተማው ጫፍ ባለችው ፈፋ ላይ ድልድይ አድርጌ ዘረጋሁት። ሰው በላዩ ይሄዳል፤ በግ ይሄዳል። ዘውገ ራሱ በላዩ አልፎ ወደ ከተማ ገባ፤ ወደ ሥሩ አላየም። አያልነሽ ባየች ጊዜ ከጥርሷ መሐል ሳቀች።

«ጭቃ እያበላኸው ነው?»

«ይታጠባል።»

«ይታጠባል እንጂ። እኔም ስጠብቅ ብዙ ጭቃ በልቻለሁ።»

በዚህ ጦርነት ሦስተኛ ወገን ነበረ። አንድ ጌታ ሦስት ሺህ ሰው ይዞ መጣና ከሁለቱም ጋር ሳይሰለፍ ኮረብታው ላይ ሰፈረ። ለኑግ ቤት «እየመጣሁ ነው» ብሎ ላከ። ለሱፍ ቤትም «እየመጣሁ ነው» ብሎ ላከ። ውሸት አልተናገረም፤ ለማን እንደሆነ ብቻ አልወሰነም። ከኮረብታው ሆኖ እስኪለይ ያያል። ማየት ረጅም ነገር ስለሆነ ራበው። አሽከሮቹ ጠረጴዛ ፍለጋ ወረዱ። በአጠገባቸው ያገኙት ጠፍጣፋ ነገር ድልድዩ ነው።

ሮጬ ደረስኩ። «ይህ መዝጊያ ነው» አልኳቸው። «ለቆሰለ ጌታ ካልሆነ በሕግ አይወሰድም።»

«ጌታችን አልቆሰለም» አለኝ አንዱ። «ርቦት ነው።»

«ስለ ራበው ጌታ ሕጉ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ስለዚህ አልከለከለም።»

ወሰዱት። ጌታው የበግ ጥብስ በላበት። ሁለተኛውን ቁራጭ ሲያነሣ የሱፍ ቤት ሰዎች መሸሽ ጀመሩ፤ እጁን ጠርጎ ከኑግ ቤት ጋር ተሰለፈና አሸነፈ። የምሳው ጦርነት የሚባለው ለዚህ ነው። ማምሻውን ላስመልስ ሄድኩ። ጌታው ራሱ ወጣ፤ ፊቱ ደግ ነበር።

«ድል ያደረግሁበትን ገበታ ትቼ ልሂድ?» አለኝ። «አንተ ብትሆን ትተዋለህ?»

«እኔ ድል አድርጌ አላውቅም» አልኩት።

አዘነልኝ። አንድ የበግ እግር ሰጠኝ። ወደ አያልነሽ ወሰድኩት፤ ለሦስት በላነው። ይርዳው «ከአራት መዝጊያ አንድ እግር ወጣ፤ ነገሩ የተጀመረውም በኔ እግር ነው» አለ። አያልነሽ በዚያ ቀን ብዙ ሳቀች። እየሳቀች ወደ ቆዳው ዞረችና ዓይኗን ጠረገች። ከሷ ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይዋጉ ቀሩ። እኔ በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስተኛውን መዝጊያ አልሠራሁም። እንጨት ሞልቶ ነበር። ለምን አልሠራህም የሚለኝ ከመጣ ይህን እለዋለሁ፤ ሠራሁት ማለት ጦር ጠራሁ ማለት መሰለኝ። አንድ ቀን አያልነሽ አጥሬ ጋ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቁመቷ እንዳለ ነው።

«ላቀው፣ ያለብህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«እኔ ስሞት ነው የምታመጣው? ሬሳዬ በመዝጊያ አይነሣም እኮ፤ ጌታ አይደለሁም።»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ በዚያው ቀን መጥረቢያ ሳልኩ።

ይህኛው ከዝግባ ነው፤ እንደ አባቷ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ስለዚህ ቀስ አልኩ። አራት ክንድ ከስንዝር። መቀርቀሪያውን ከወይራ አወጣሁት። ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሜዳው ላይ ድንኳን ታየ።

ዘውገ በበቅሎ መጣ። አርጅቷል፤ ዓይኑ ላይ ሞራ አለ፤ በርጩማውን የሚሸከምለት ሰው ተቀጥሮለታል። ዘንጉ ግን አዲስ ነበር። ከድሮው በሦስት ስንዝር ያጥራል። በከተማው ዞረ፤ በየቤቱ ጎንበስ ባለው በር ላይ ኖራ አደረገ። ሰው ጮኸ።

«ይህ እኮ አጭር ነው! ሕጉ አጭር አይነካም ይላል!»

«ሕጉ ከጌታ ያጠረ አይነካም ነው የሚለው» አለ ዘውገ። «ይህ ከጌታ አላጠረም። ይበቃል።»

በከተማው አንድ መዝጊያ ሳይቀር ምልክት ሆነበት። መጨረሻ ላይ ወደኔ ደረሰ። ዝግባው ግድግዳ ላይ ቆሟል። አያልነሽ በአጥሯ ወዲያ ናት፤ ይርዳው ግንድ ላይ ተቀምጧል። ዘውገ ዘንጉን አቆመ። ዘንጉ ከመዝጊያው መሐል ብዙም ሳያልፍ ቀረ። በእጁ ወደ ላይ ዳሰሰ፤ የመዝጊያው ጫፍ አልደረሰለትም። በርጩማው ላይ ወጣ። አሁንም አልደረሰለትም።

«ይህ ያ ነው» አለ።

«ያ ነው።»

«ስንት ጊዜ ወሰድኩብህ?»

«ሁለት ጊዜ ራስህ። አንዴ ለምሳ።»

«ለምሳው እኔ የለሁበትም።» ከበርጩማው ወረደና ተቀመጠበት። «ላቀው፣ ይህን የሚሞላ ሰው የለም። ረጃጅሞቹ አልቀዋል። ረጅም ሰው በጦር ሜዳ ከሩቅ ይታያል፤ ቀስት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። የቀሩት አጫጭሮቹ የልጅ ልጆች ናቸው። ነገ የሚዋጉት ሁለቱ ጌቶች እኔን ያክላሉ።»

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» አለ ይርዳው። በዚያች ሰዓት ልገድለው ነበር።

«ይንሸራተታሉ» አለ ዘውገ። «በረጅም መዝጊያ አጭር ጌታ አንሥተን ነበር፤ ዳገት ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከስንዝር በላይ ትርፍ ያለው መዝጊያ ተከልክሏል።» ኖራውን ከረጢቱ ውስጥ መለሰ። ወደ አጥሩ ዞረና ቆቡን አነሣ። «እትዬ፣ ያንቺን ቁመት ያህል ትክክል አድርጌ የያዝኩት ቁመት የለም። የሚለካበት ነገር ግን ዛሬ አላመጣሁም።»

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለችው አያልነሽ። ከልቧ ነው ያለችው።

አምስተኛው ጦርነት ከጠዋት እስከ ምሳ ሆነ። ሁለቱም ጌቶች ቆስለው በመዝጊያ ተነሡ፤ በአንድ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን አስተኟቸው። ሕመሙ እንዳይነሡ ያዛቸው፤ ተነጋገሩ። የአንዱ እህት ለሌላው ሚስት እንድትሆን ተስማሙ። አሁን በመንግሥቱ ባንዲራ ላይ ኑግም ሱፍም አለ። ቢጫ ነው።

በከተማው መዝጊያ ያለው ቤት አልቀረም። ዝናብ በየቤቱ ገባ። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ከይርዳው ጋር ዝግባውን ተሸክሜ መንገዱን ተሻገርኩ። አያልነሽ ቆዳውን አወረደችና ለፍየሏ ሰጠቻት። መዝጊያውን መቃኑ ላይ አስገባነው። መቀርቀሪያውን ለመግጠም ወደ ውስጥ ስገባ ጎንበስ አልኩ፤ በላዬ ሁለት ስንዝር ባዶ ነበር። ይርዳው ሳቀብኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጥቶ ነበር። ባለ ወፍጮውም ከነሚስቱ መጥቷል።

«እስኪ ድምፁን አሰሚን» አለ አንዱ።

አያልነሽ ዘጋችው። ጓ አለ። ሰዎቹ «እሰይ» አሉ፤ መዝጊያ ሲዘጋ ከሰሙ ብዙ ቀን ሆኗቸው ነበር። ከፈተች። ደግሞ ዘጋች። ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትዘጋው እሷ ከውስጥ ነበረች፤ እኔ ከውጭ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ። ጥሩ ገጥሟል።

ይርዳው በሩን አየ፤ እኔን አየ።

«እግሬን አመመኝ» ብሎ ሄደ። ያ እግር ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አሞት አያውቅም።

ብቻዬን ቀረሁ። ፍየሏ ከጎኔ ቆዳውን ትበላለች። ያለብኝን ከፍያለሁ፤ ልሄድ እችል ነበር። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ቆቤን አወለቅሁ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች።

«ላቀው ነኝ።»

ልማዱ ማስቆም ነው። ብዙ አላቆመችኝም።